ስለ ጣናና ስለ ስሜን ተራሮች ብቻ የሚፈልግ መፈለጊያ፦ ከጎንደር ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጎንደር የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሁለታችን የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተምረናል። ስለ ጣና፣ ስለ ስሜን ተራሮች፣ ስለ ከተማችን ውሃና ቆሻሻ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ብቻ ለይቶ የሚፈልግ መፈለጊያ ልንሠራ አስበናል። ጉግል ላይ ስንፈልግ ወይ ያንድ ሰሞን ዜና ይደረደራል፣ ወይ የማይገናኝ ነገር ይመጣል። ከየት እንጀምር? አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንጠቀም? ገንዘብ የለንም፤ ላፕቶፕ አለን።»

ገንዘብ ስለሌላችሁ አትስጉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ሁሉ በነጻ ይገኛል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሺህ ሰነዶች አንድ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። ከባዱ ሥራ ሌላ ቦታ ነው። የትኛው ሰነድ ይግባ? ሰው የሚጽፈው ቃልና ሰነዱ ውስጥ ያለው ቃል በምን ይገናኙ? መፈለጊያችሁ የሚለካው በነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ደስ የሚለው ደግሞ በሁለቱም እናንተ ከማንም ትልቅ ኩባንያ ትበልጣላችሁ። አገሩን ታውቁታላችሁ፣ ቋንቋውም የራሳችሁ ነው።

ስለዚህ ከኮድ አትጀምሩ። ደብተር ይዛችሁ ሰው ጠይቁ። ጎርጎራ ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ ምን ማወቅ ይፈልጋል? ደባርቅ ያለ አስጎብኚ፣ ደምብያ ያለ የግብርና ባለሙያ፣ አዘዞ ያለ የባዮሎጂ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋስ? የሚሏችሁን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ አታሳምሩት፣ ወደ መጽሐፍ ቋንቋም አትለውጡት። አምሳ ያህል ጥያቄ ስታገኙ አቁሙ። ይህ ዝርዝር ምን እንደምትሰበስቡ ይነግራችኋል። ኋላም መፈለጊያው መሥራቱን የምትፈትኑት በሱ ነው።

ወደ ስብስቡ ስትገቡ ሁሉንም ድረ ገጽ እየዞረ የሚለቅም ፕሮግራም አትልቀቁ። መጀመሪያ ተደራጅተው የተቀመጡትን ውሰዱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተመራቂዎቻቸውን የጥናት ጽሑፍ የሚያስቀምጡት ዲስፔስ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ዲስፔስ ደግሞ ኦኤአይ-ፒኤምኤች የሚባል መቀበያ በር አለው። በሱ በኩል የእያንዳንዱን ጥናት ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ዓመትና አጭር መግለጫ ሥርዓት ባለው መልክ ታገኛላችሁ። ገጽ በገጽ ከመቧጠጥ ይሄ እጅግ ይሻላል። ለሕግ ነክ ነገር የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦሌክስ የሚባል የሕግ ቋት አለው። የዕፅዋትና የእንስሳት ምዝገባ ጂቢአይኤፍ በሚባል ዓለም አቀፍ ነጻ የመረጃ ቋት ላይ ይገኛል፤ በቦታ ወሰንም ማጣራት ይቻላል። የስሜን ተራሮችን ሁኔታ የሚከታተሉ ሪፖርቶች ዩኔስኮ ዘንድ ከዓመት ዓመት ተቀምጠዋል። እነዚህን ብቻ ብትሰበስቡ እንኳ የስብስባችሁ አጥንት ቆመ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ለቀማው የሚመጣው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመረጠ ለቀማ የሚባል ዘዴ አለ። ሱመን ቻክራባርቲና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ገጽ ይከፍትና «ይሄ ከኔ ጉዳይ ጋር ይገናኛል ወይ?» ብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ጥሩ ከሆነ እዚያ ገጽ ላይ ያሉትን ሊንኮች ይከተላል። ካልሆነ ይተወዋል። ነጥብ የሚሰጠውን ክፍል ለማሠልጠን ሁለት መቶ ያህል የሚገናኙና ሁለት መቶ ያህል የማይገናኙ ገጾች በእጃችሁ ምረጡ። የማይገናኙት ምርጫ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። የማይገናኝ ስትሉ የእግር ኳስ ወይም የፊልም ገጽ ብቻ አታስገቡ። እሱን ማሽኑ በቀላሉ ይለየዋል። የሚያስቸግረው ተመሳሳዩ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝኛ «ጣና» ብላችሁ ስለ ውሃ ሀብት ስትፈልጉ ከሚመጣው ውስጥ የኬንያው ጣና ወንዝም አለበት። እዚያም ግድብ አለ፣ ዓሣ አለ፣ የጎርፍና የደለል ጥናት አለ። በቃላቱ ብቻ ከሄዳችሁ ሁለቱ መንትያ ናቸው። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ተራሮቹን አንዱ «ስሜን» ይላል፣ ሌላው «ሰሜን»። ሁለተኛው አጻጻፍ የአቅጣጫው ስም ስለሆነ የሰሜን አሜሪካ ዜና ሁሉ ይጎርፋል። «አካባቢ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «በፒያሳ አካባቢ የትራፊክ አደጋ ደረሰ» የሚል ዜና ስለ አካባቢ ጥበቃ አያወራም። ስለዚህ የማይገናኙ ብላችሁ በምትመርጧቸው ውስጥ የኬንያውን ጣና፣ የአቅጣጫውን ሰሜን፣ የትራፊኩን አካባቢ በብዛት አስገቡ። ማሽኑ ልዩነቱን የሚማረው ከነዚህ ነው።

ስትለቅሙ ጨዋ ሁኑ። ሮቦትስ ፋይል የሚባለው ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስምምነት ነው፤ የድረ ገጹ ባለቤት የቱን መንካት እንደማይፈቅድ የሚናገርበት። አክብሩት። የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። በአንድ ሰከንድ ሃያ ጥያቄ ብትልኩበት ለሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ይዘጋል። በጥያቄና በጥያቄ መካከል ጥቂት ሰከንዶች ጠብቁ። የሰው ሙሉ ጽሑፍ ደግሞ መልሳችሁ አታትሙ። ርዕሱን፣ ሁለት ሦስት መስመሩንና ሊንኩን አሳዩ፤ አንባቢው ወደ ባለቤቱ ይሂድ።

ፋይሎቹ ሲሰበሰቡ ማንበቡ ራሱ ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። ከነዚህ የድሮ ፎንቶች የወጣ ፒዲኤፍ ስክሪን ላይ ጥሩ አማርኛ ይመስላል። ጽሑፉን ኮፒ ስታደርጉት ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይወጣል። መፈለጊያችሁ የሚያየው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይል ሲገባ ከፊደሎቹ ስንት እጁ ግዕዝ እንደሆነ ይቆጠር። እንግሊዝኛም ያልሆነ፣ ግዕዝም ያልሆነ ነገር ከመጣ ፋይሉን ወደ ምስል ቀይራችሁ ምስል አንባቢ ሶፍትዌር ይለፍበት። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ነው፤ አማርኛም ያነባል።

ነጋሪት ጋዜጣን ለብቻው ያዙት። አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው። ምስል አንባቢው ይህን ካልተነገረው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል። ግማሽ መስመር አማርኛ፣ ግማሽ መስመር እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ይወጣል። ገጹን መሀል ለመሀል ቆርጣችሁ ሁለቱን አምድ ለየብቻ አስነብቡ። ትንሽ ሥራ ናት፤ ግን የፌዴራሉ የአካባቢ አዋጆች የሚታተሙት እዚያ ስለሆነ ዋጋዋ ትልቅ ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፤ ፊደሉና ቃሉ ጋ። «ውሃ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ለናንተ መፈለጊያ ከሱ የበለጠ አስፈላጊ ቃል የለም። የመጀመሪያው ፊደል «ው» ወይም «ዉ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት አጻጻፍ ነው። ለኮምፒውተር እነዚህ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ውኃ» ብሎ የጻፈ ሰው «ውሃ» ያለበትን ሰነድ አያገኝም። «ዓሣ» እና «አሳ»፣ «ጎንደር» እና «ጐንደር»፣ «ፀረ ተባይ» እና «ጸረ ተባይ» ሁሉም እንደዚያ ናቸው። መፍትሔው ግልጽ ነው። ሰነዱ ማውጫ ውስጥ ሲገባ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ ይለወጡ፤ ተጠቃሚው የሚጽፈውም በዚያው ሕግ ይለፍ። ለአንባቢ የሚታየው ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆይ። የሃያ መስመር ኮድ ነው። በናንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምጽፈው ይህን ነው።

ቅጥያው ግን እንደዚህ አይቀልም። «ከውሃው»፣ «የውሃውን»፣ «በውሃ»፣ «ለውሃችን» ሁሉ ወደ «ውሃ» መምጣት አለባቸው። ብዙ ሰው በጥድፊያ የሚያደርገው ከፊት ያሉትን በ፣ ከ፣ ለ፣ የ እየቆረጡ መጣል ነው። ይህን በጭፍን ካደረጋችሁ «በሽታ» የሚለው «ሽታ» ይሆናል። «ከተማ» ደግሞ «ተማ» ይሆናል። «ተማ» የሚባል ቃል ስለሌለ የቃላት ዝርዝር ይዛችሁ «ከቆረጥኩ በኋላ የቀረው ቃል አለ ወይ?» ብላችሁ በመጠየቅ ታመልጡታላችሁ። «ሽታ» ግን እውነተኛ ቃል ነው። ይባስ ብሎ የውሃ ሽታና የውሃ ወለድ በሽታ ሁለቱም የናንተው ርዕስ ናቸው። አንዲት እናት የቧንቧው ውሃ ለምን እንደሸተተ ስትፈልግ የኮሌራ ሰነድ ቢደረደርባት ትደነግጣለች። እንዲህ ላሉት ቃላት «አይቆረጡም» የሚል ዝርዝር በእጅ አዘጋጁ። ዝርዝሩ እየሠራችሁ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ከግስ የሚወለዱት ደግሞ ፊትና ኋላ በመቁረጥ አይገናኙም። ተበከለ፣ ብክለት፣ በካይ፣ መበከል፣ የተበከለ፤ የሁሉም ሥር በ-ከ-ለ ነው። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም የአማርኛን ቃል እስከ ሥሩ ድረስ ይፈታል። ሞክሩት። ከከበዳችሁ ግን ለርዕሳችሁ የሚያስፈልጉትን የቃል ቤተሰቦች በእጅ ጻፉ፦ የመበከል፣ የመሸርሸር፣ የመጨፍጨፍ፣ የመራባት፣ የመድረቅ። የርዕሱ ጥበት እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ለቋንቋው ሁሉ የማይቻለው ለአንድ ጉዳይ ይቻላል።

ከዚያ የስም መዝገብ ይመጣል። የመፈለጊያችሁ ልብ ይኸኛው ነው። እምቦጭን እንይ። በአማርኛ «እምቦጭ»ም «እንቦጭ»ም ተብሎ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ዋተር ሃያሲንዝ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ለረጅም ዘመን አይኮርኒያ ክራሲፐስ ነበር፤ አሁን ፖንቴዴሪያ ክራሲፐስ የሚሉት በዝተዋል። የድሮው ጥናት በድሮው ስም፣ የአዲሱ ጥናት በአዲሱ ስም ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮን በእንግሊዝኛ ኢትዮጵያን ዎልፍ፣ ሲሚየን ፎክስ፣ ሲሚየን ጃካል ይሉታል፤ እንስሳው ግን አንድ ነው። ጎርጎራ ያለው አስጋሪ «ቆሮሶ» እና «አምባዛ» ይላችኋል፤ ጥናቱ ውስጥ ያሉት ናይል ቲላፒያና አፍሪካን ካትፊሽ ናቸው። ሰውዬው «ቆሮሶ ለምን ቀነሰ» ብሎ ሲጽፍ መፈለጊያው በዝምታ የሌሎቹን ስሞች ሁሉ ጨምሮ መፈለግ አለበት። ለመዝገቡ አሠራር የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አግሮቮክ የሚባል፣ የአውሮፓ የአካባቢ ኤጀንሲ ደግሞ ጌሜት የሚባል የቃላት መዝገብ ያዘጋጃሉ። ሰፊው ሐሳብ፣ ጠባቡ ሐሳብ፣ ተለዋጭ ስሙ እንዴት እንደሚደራጅ ከነሱ ውሰዱ። የአካባቢውን ስም ግን እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። የተፈጥሮ ሀብት የተማሩት ሁለቱ ጓደኞቻችሁ ዋና ሥራቸው ይሄ ይሁን።

ዓመተ ምሕረትን ችላ አትበሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ በአማርኛ 299/1995 ነው፤ በእንግሊዝኛ 299/2002። አንድ አዋጅ ነው። መፈለጊያው ይህን ካላወቀ ሁለት አዋጅ አድርጎ ያሳያል፤ ወይም አንዱን የያዘ ሰው ሌላውን አያገኝም። ሰነድ ሲገባ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ። ወሩ ካልታወቀ አንድ ዓመት ብቻ አትስጡት። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ወሩን ካላወቃችሁ በኛ 2003 ወይም 2004 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም መዝግቡ።

ቀኑ ለአንባቢም በጉልህ ይታይ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፣ በ2017 ከዚያ ወጣ። በመሀሉ ባሉት ሃያ አንድ ዓመታት የተጻፈው ሁሉ «ፓርኩ አደጋ ላይ ነው» ይላል። በተጻፈበት ጊዜ ልክ ነበር። ዛሬ ያለ ቀን ተነጥሎ ከፊት ቢመጣ ግን ተማሪውን ያሳስተዋል። የእምቦጭ ስፋትም እንደዚሁ ነው። አረሙ ከክረምት በኋላ ይስፋፋል፣ ነፋስ ከዳር ወደ ዳር ይገፋዋል። የጥቅምትን ቁጥር ከግንቦት ጋር ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ከዓመቱ ጋር ወሩንም ያዙ።

ቦታም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ሰነድ የሚናገርበትን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ መዝግቡ። ከ11.5 እስከ 12.4 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ36.9 እስከ 37.7 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳጥን ጣናን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። የኬንያው ጣና ወደዚህ ሳጥን አይገባም፤ ያ ሁሉ ችግር እዚህ ጋ በአንድ መስመር ይፈታል። የሳተላይት ምስልም በዚሁ ሳጥን ይጠየቃል። የሴንቲኔል 2 ምስሎች በነጻ ይገኛሉ፤ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ አሥር ሜትር ናት። የመሬት ስሞቹን ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነጻ ካርታ ልትወስዱ ትችላላችሁ፤ ግን በላቲን ሲጻፉ ጎንደር፣ ደምብያ፣ መገጭ እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስላላቸው ወደ ስም መዝገባችሁ ይግቡ።

ለሶፍትዌሩ አጭር መልስ፦ ኤስኪውላይት በሚባል ነጻ የመረጃ ቋት ጀምሩ። በውስጡ ሙሉ ጽሑፍ የሚፈልግ ክፍል አለው፤ ውጤቱንም ቢኤም25 በሚባለው ቀመር ደረጃ ያወጣል። ቀመሩ ከሚመረኮዝባቸው ሐሳቦች አንዱ ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳየችው ነው፦ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በሁሉም ከሚገኝ ቃል የበለጠ ይመዝናል። የናንተ ስብስብ ውስጥ «ውሃ» ሁሉም ጋ ስላለ ክብደቱ ይቀንሳል፤ «አንገረብ» (የጎንደር ወንዝና ግድብ) ከፍ ይላል። ማንም የአንገረብን ደለል የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውም ያንን ነው። ደግሞ ሁሉ ነገር አንድ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ኔትወርክ በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል። ስብስቡ ሲያድግ ሶልር ወይም ኢላስቲክሰርች ወደሚባሉት ትልልቅ የመፈለጊያ ሶፍትዌሮች ትሻገራላችሁ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን በተመለከተ፣ አዎ ተጠቀሙ፤ ግን ሁለተኛ ሆኖ። ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ሞዴሎች የአማርኛን ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ጥናት ጋር በትርጉም ማገናኘት ይችላሉ፤ ይህ ለናንተ ትልቅ ነገር ነው። የቃል ፍለጋው አንድ ዝርዝር ያውጣ፣ የትርጉም ፍለጋው ሌላ ያውጣ፣ ሁለቱን አዋህዱ። ሞዴሉ ራሱ መልስ ጽፎ እንዲሰጥ ግን ለአሁን አትፍቀዱ። ውሃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ለሚል ጥያቄ ምንጩ ያልታወቀ መልስ ሰው ይጎዳል። ሰነዱን፣ ቀኑንና ባለቤቱን አሳዩ።

በመጨረሻ መፈተኛው። እንግሊዛዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሲሪል ክሌቨርደን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ላይ ያስጀመረው ዘዴ እስከዛሬ ይሠራል። አምሳውን ጥያቄ አንድ በአንድ አስገቡ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች ስንቱ ጠያቂውን እንደሚጠቅም ቁጠሩ። ፈራጁ ግን ኮዱን የጻፈው ሰው አይሁን። ጉግልም የተወሰኑ ድረ ገጾችን ብቻ የሚፈልግ መፈለጊያ በነጻ ያሠራል። እሱን በአንድ ከሰዓት ሠርታችሁ በነዚያው ጥያቄዎች ፈትኑት። የናንተው ከሱ ካልበለጠ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የስም መዝገቡ ላይ ነው።

አገልግሎቱ ሲጀመር ምንም ውጤት ያላገኙ ፍለጋዎችን ብቻ ለይታችሁ መዝግቡ፤ የፈላጊውን ማንነት አትያዙ። በየሳምንቱ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቧቸው። አንዳንዱ ባዶ የወጣው በፊደል ወይም በስም ምክንያት ነው፤ ወዲያው ታስተካክሉታላችሁ። የቀረው ግን ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ስለሌለ ነው፤ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ተቀምጦ ይሆናል። ያንን ዝርዝር አትማችሁ ወደሚመለከተው ቢሮ ሂዱ። «ሰነድ ስጡን» ከምትሉ «ባለፈው ወር ይሄን ያህል ሰው ይህን ፈልጎ አጣ፤ ብትፈቅዱልን እኛው ስካን እናደርገዋለን» በሉ። ስካነሩን ይዛችሁ ሂዱ።